ቤት የሚያበላው ስልክ ቤቱን እንዳይበላ

“ልጄ፣ የት ደረስክ?”

“መንገድ ላይ ነኝ አባባ፣ እየደረስኩ ነው።”

ይህን የሚመልሰው ሰው ግን ገና ከቤቱ አልወጣም። መሶቡ ፊት ለፊቱ ነው። ባለቤቱ ወጥ እየጨመረችለት ትሰማለች፤ ልጁም ይሰማል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አይናገርም። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዝምታ በስንቶቻችን ቤት ይታወቅ ይሆን?

እስቲ አጅባር ላይ የሚኖር አንድ የወፍጮ መካኒክ በሐሳባችን እንሳል። ሱቅም ጋራዥም የለውም። መፍቻውን በከረጢት ይዞ፣ የናፍጣ ወፍጮ በቆመበት ሁሉ ይሄዳል። ዛሬ በአጅባር ዙሪያ፣ ነገ በመካነ ሰላም አቅጣጫ፣ ከነገ ወዲያ ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ። የዚህ ሰው ሱቅ ስልኩ ነው። ስልኩ ካልጠራ ቤቱ ዳቦ የለም፤ ስልኩ ሁልጊዜ ከጠራ ደግሞ ቤቱ ሰላም የለውም። ችግሩ የመካኒክ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ ሶላር የሚገጥም፣ ከብት ለማከም ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር፣ ሙሽራ ቤት ድረስ ሄዳ ፀጉር የምትሠራ፣ ሁሉም በዚሁ ፈተና ውስጥ ነው።

የሞባይል ስልክ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነበር። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሲም ካርድ በወረፋ የሚገኝ ነገር ነበር። በገጠር ባለሙያ የሚፈልግ ሰው የገበያ ቀን ጠብቆ ይመጣል፤ ወይም በሾፌር መልእክት ይልካል። ያ ዘመን አዝጋሚ ነበር። ነገር ግን ማንም ሰው በእራት ሰዓት ማዕዳችን ላይ አይቀመጥም ነበር። ዛሬ ስልኩ በኪሳችን ስላለ ደንበኛው ሁሉ ቤታችን ገብቷል። ታዲያ ደንበኛን ሳናስቀይም ትዳራችንን እንዴት እንጠብቅ?

1. እውነተኛ ቀጠሮ እንስጥ

“መንገድ ላይ ነኝ” የምንለው ደንበኛው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ፈርተን ነው። ግን በዚያ በኩል ምን እንደሚሆን እናስብ። ወፍጮው ሲቆም የሚቸገረው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ እህሏን በአህያ ጭና የመጣች እናት እዚያ ቆማለች። “መካኒኩ እየደረሰ ነው” ስትባል ጭነቷን አራግፋ ትጠብቃለች። እውነቱ ቢነገራት ወደ ሌላ ወፍጮ ትሄድ ወይም ወደ ልጆቿ ትመለስ ነበር። በእኛ አንዲት ቃል የእርሷ ቀን ጠፋ፤ ምናልባትም ልጆቿ ያለ እራት አደሩ።

“አባባ፣ ዛሬ አልደርስም፤ ነገ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ” ማለት ለአፍ ይከብዳል። ቢሆንም ደንበኛው ሌላ ባለሙያ የመፈለግ ወይም የመጠበቅ ምርጫ ያገኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ሥራ ሊያመልጠን ይችላል። በሰዓቱ መድረሳችን ሲታወቅ ግን ሰው “እርሱ ነገ ካለ ነገ ነው” ይለናል። በጉባኤ ፊት ስለ እውነት የሚናገር አንደበት በስልክም ያው አንደበት ሊሆን ይገባል። ልጆቻችን ከስብከቱ ይልቅ የሚማሩት ከስልኩ ነውና።

2. ከመነሳታችን በፊት እንጠይቅ

ብዙ ጥሪ የሚበዛው የመጀመሪያው ጥሪ በጥድፊያ ስለሚያልቅ ነው። “ወፍጮው ተበላሸ” “እሺ መጣሁ” ተባብለን እንዘጋለን። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄደን የጎደለን ኩሽኔታ መሆኑን እናውቃለን፤ እንመለሳለን። አንድ ቀን ሙሉ በመንገድ ያልቃል፤ በመካከሉ ደግሞ ስልኩ አሥር ጊዜ ይጠራል።

መካኒካችን በደብተሩ ላይ እነዚህን ጽፎ ቢይዝስ? የደዋዩ ስም፣ ቀበሌውና ወፍጮው ያለበት ቦታ። ሞተሩ ጭራሽ አልነሳም ወይስ ይነሳና ድንጋዩ አይዞርም? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን ያመለክታል፤ ነጭ ጭስ ደግሞ ናፍጣው በደንብ አለመቃጠሉን ወይም ውኃ መግባቱን። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? መኪና እስከ ምን ድረስ ይገባል? በመጨረሻም የመንገዱና የእጅ ዋጋው እዚያው በስልክ ይነገር። አምስት ደቂቃ የወሰደ አንድ ጥሪ የኋላ ጭቅጭቅን ያስቀራል።

3. እጅ ሥራ ላይ ሳለ ስልክ አይነሳ

የሚዞር ቺንጋ አጠገብ ቆሞ ስልክ ማንሳት እጅን ወይም ልብስን ለማሽኑ መስጠት ነው። ምሰሶ ወይም መሰላል ላይ ላለ ሰውም እንዲሁ። ሥራ ስንጀምር የስልኩን ድምፅ አጥፍተን ከረጢት ውስጥ እናስቀምጠው። ፊታችን ያለው ደንበኛም የከፈለው ለሥራው እንጂ ከሌላ ሰው ጋር ስናወራ ለማየት አይደለም።

ያመለጡንን ጥሪዎች ግን በዚያው ቀን መመለስ ግዴታ ነው። የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ ሚስኮል አድርጎ ይዘጋል፤ ካርድ ስለሌለው ነው እንጂ ጉዳዩ ስላነሰ አይደለም። ስለዚህ የመልስ ሰዓት እንወስን፤ ጠዋት ከ1 እስከ 2፣ ቀን ከ6 እስከ 7፣ ማታ ከ11 እስከ 12 ሰዓት። ይህን ለደንበኞች ደጋግመን ብንነግራቸው ይለምዱታል።

4. ኔትወርክ በማይደርስበት

የወሎ ደጋ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። ሸንተረሩ ላይ ጥሩ የሚሠራ ስልክ ቁልቁል ስንወርድ ድምፁ ይጠፋል። ለዚህ የሚረዳ ነገር በስልኩ ውስጥ አለ፤ ጥሪ ማስተላለፍ ይባላል። *62* ብለን የሌላውን ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ # ጽፈን ብንደውል፣ የእኛ ስልክ ሲዘጋ ወይም ከኔትወርክ ውጪ ሲሆን ጥሪው ወደዚያኛው ይሄዳል። ለመሰረዝ ##62# ነው። ይህ ግን ቆላ ከመውረዳችን በፊት መደረግ አለበት። የተላለፈው ጥሪ ሒሳብ ከእኛ ሊቆረጥ ስለሚችል የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ አስቀድሞ በ994 ይጠይቅ።

ኔትወርኩ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሥራቸውን በእርሱ ላይ ብቻ ያቆሙ ሰዎች ተቸግረዋል። ስለዚህ የቀድሞውን ልማድ አንጣለው። “በስልክ ካጣችሁኝ በገበያ ቀን እዚህ ቦታ እገኛለሁ” የሚል የታወቀ ቀንና ቦታ ይኑረን።

5. ሚስት ስልኩን ስታነሳ

ጥሪው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባለቤት ስልክ ነው። እዚህ ላይ ባሎች እንስማ። “ማን ደወለ? ለምን እንዲህ አልሽው?” እያልን የምንቆጣት ሴት የሥራችን ተካፋይ ናት። ምን ቀጠሮ መስጠት እንደምትችል፣ ዋጋ መናገር ይገባት እንደሆነ አስቀድመን እንስማማ። እርሷ “ሐሙስ ይመጣል” ካለች፣ ቃሉ የቤቱ ቃል ነውና ሐሙስ እንሂድ።

ሚስቶችም እንዲሁ። የሴት ድምፅ በስልክ ተሰማ ማለት ክፉ ነገር አለ ማለት አይደለም። ጥርጣሬን የሚያበዛው ግን ምሥጢር ነው፤ ከቤት ወጥቶ በሹክሹክታ ማውራት፣ ስልክን ገልብጦ ማስቀመጥ፣ የይለፍ ቁጥር መደበቅ። ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቀብድ ሳይታይ ስልክ ውስጥ ይገባል፤ ሳይታይም ይወጣል። የገባው ሁሉ ሁለቱም በሚያዩት ደብተር ላይ ይጻፍ።

6. ለቤቱም ሰዓት ይኑር

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ሰው የተጎዳበት አደጋ ከሆነ ይለያል፤ ለዚህ የቅርብ ሰዎች የሚያውቁት ሁለተኛ ቁጥር ይበቃል። የቆመ ወፍጮ በጨለማ አይጠገንም። በሌሊት የምንሰጠው መልስም ያው “ነገ” ነው። እንግዲህ ነገን በጠዋት ብንናገረው ምን ይጎድላል? የእሁድ የአምልኮ ሰዓትም በዚሁ መንገድ ይጠበቅ።

ወደ መጀመሪያው ማዕድ እንመለስ። ስልኩ ከእራት በፊት ጠራ እንበል። “ልጄ፣ የት ደረስክ?” “አባባ፣ ገና ቤቴ ነኝ። ዛሬ መሽቷል፤ ነገ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። የሚጠብቁትን ሰዎች አሁን ያሰናብቷቸው።” ሽማግሌው ትንሽ ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። ነገር ግን አህያዋን የጫነችው እናት ሳይመሽባት ቤቷ ትገባለች። በዚህም ቤት ሚስት ወጥ ትጨምራለች፤ ልጁ አባቱን ያያል።

ለባልና ሚስት መወያያ

- ባለፈው ሳምንት በስልክ ከሰጠነው ቀጠሮ ስንቱን ጠበቅን?
- አንዳችን በሌላችን ስልክ ላይ ምን ለማለት ተስማምተናል?
- በቤታችን ስልክ የማይነሳበት ሰዓት የትኛው ይሁን?