የስኖሞቢል ተሳቢ ሌላ ጭነት ሲጫን

ግንቦት ገብቶ የሚኒሶታ ሐይቆች ከቀለጡ በኋላ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባሉት ሰፈሮች የሚያልፍ ሰው አንድ ዕቃ ደጋግሞ ያያል። ጋራዥ ጎን፣ ሣር ውስጥ የተገተረ ዝርግ ተሳቢ ነው። አጥር የለውም፣ ግድግዳ የለውም። ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ ከላይ የተነጠፈ ኮምፔርሳቶ፣ ከፊቱ ጋደል ያለ መከለያ፣ በቃ። ሣሩ ጎማውን አልፎ ወለሉን መንካት ጀምሯል። ይህ ተሳቢ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሥራ ይኖረዋል፤ ቀሪውን ጊዜ ይተኛል።

የሚጭነው ዕቃ ስኖሞቢል ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ሁለቱ ጎማዎቹ ተነቅለው በፊት ሁለት ስኪ፣ በኋላ እንደ ታንክ የሚዞር የጎማ ሰንሰለት የተገጠመለት ሞተር ብስክሌት አድርጎ ያስበው፤ ብዙም አይሳሳትም። የኩቤኩ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ስኪ-ዱ የተባለችውን ቀላል ሞተር እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ አዋለ። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ካናዳ ድንበር ሥር ባለችው ሮዞ በምትባል የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ፣ በኋላ ፖላሪስ የተባለው ድርጅት የራሱን የበረዶ ሞተር ሠርቶ ነበር። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ግዛት ለስኖሞቢል የተዘጋጀው መንገድ ከ22,000 ማይል ይበልጣል።

ከዚሁ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ሌላ ሞተር ይገኛል፤ ወፍራም ጎማ ያለው ባለ አራት እግሩ ኤቲቪ። የአወላለዱ ታሪክ ደስ ይላል። በአሜሪካ የሆንዳ ሻጮች በብርድ ወራት ሞተር ብስክሌት የሚገዛቸው ሲያጡ፣ በበረዶም በጭቃም የሚሄድ ነገር ይሠራልን ብለው ጠየቁ። ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1970 እንደ ፊኛ በተነፉ ሦስት ጎማዎች የምትሄድ ሞተር ይዞ መጣ። ባለ ሦስቷ እየተገለበጠች ብዙ ሰው ስለጎዳች ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1988 ሽያጯን አቆሙ፤ ሱዙኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ባለ አራት ጎማ ሜዳውን ወሰደ። እንግዲህ ኤቲቪ ብርድ ሥራ ያስፈታቸው ሻጮች ልጅ ነው። ተሳቢው ደግሞ ሙቀት ሥራ ያስፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያና በ2024 መባቻ ሚኒሶታ መዝገብ ከተያዘ ወዲህ ያላየችው ሞቃት የብርድ ወቅት ሲገጥማት፣ ብዙ ተሳቢ ዓመቱን ሙሉ ከሣሩ ሳይነሣ ቀረ።

እናም ባለቤቱ ተሳቢውንና ኤቲቪውን አስተያይቶ፣ ለኤቲቪው ለምን ሌላ ተሳቢ እገዛለሁ ቢል አይፈረድበትም። ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ነገር ግን ይህ ተሳቢ ጎማ የተገጠመለት ጠረጴዛ አይደለም። እያንዳንዱ ነገሩ ለሚንሸራተት ዕቃ ተለክቶ የተሠራ ነው። አሁን የሚወጣበት የሚንከባለል ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በስፋቱ እንጀምር። ባለ ሁለት ስኖሞቢሉ የተለመደ ተሳቢ ወለሉ 101 ኢንች ገደማ ይሰፋል፤ የአሜሪካ አውራ ጎዳና የሚፈቅደው 102 ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተስቧል ማለት ነው። ይህን ያህል ሊሰፋ የቻለው ጎማዎቹ ከወለሉ ጎን ሳይሆን ከወለሉ በታች ስለገቡ ነው። ለዚህ ሲባል ደግሞ ጎማዎቹ ትንንሽ መሆን ነበረባቸው፤ በኋላ እንመለስበታለን። ኤቲቪ ከጎማ ጎማ 48 ኢንች ገደማ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ሲቆሙ 96 ይሆናሉ፤ የሚተርፈው አምስት ኢንች፣ ማለት ከአንድ እጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ነው። እሱም በሁለቱ ዳርና በመሐል ይካፈላል። ስኖሞቢል ከፊት በስኪው ታንቆ ስለሚታሰር የተሳቢው ዳር አጥር አላስፈለገውም። ኤቲቪ ግን አንድ ጎማው ሦስት ጣት ያህል ቢንሸራተት አየር ላይ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች በሁለቱ ዳር በቁመቱ ሞራሌ ወይም የብረት ማዕዘን በብሎን ያስራሉ፤ ርካሽ ነው፣ ጎማው ሲነካው ሹፌሩም ዳር መድረሱን ያውቃል።

ከዚያ መጫኑ አለ። አብዛኛው ክፍት የስኖሞቢል ተሳቢ መወጣጫ የለውም፤ ራሱ ወለሉ ይጋደማል። ከፊት ያለው ፒን ሲነቀል ወለሉ ከአክስሉ አጠገብ ባለው ማጠፊያ ላይ ይወዛወዝና ኋላው መሬት ይነካል። ሞተሩ እየወጣ ሚዛኑ ከማጠፊያው ሲያልፍ ወለሉ በራሱ ይመለሳል፤ ፒኑ ይገባል፤ አለቀ። ብልህ አሠራር ነው። በረዶ ላይ፣ ሚዛኑ በረጅም ሰንሰለት ላይ በተዘረጋ ስኖሞቢል ሲሠራ ለስለስ ይላል። ኤቲቪ ግን አጭር ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 1.3 ሜትር ቢሆን ነው፤ ክብደቱ የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ወለሉ ቀስ ብሎ አይመለስም፤ ይወድቃል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳልጠብቀው ጓ ሲል፣ ደንግጬ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ ሰጠሁ። የፊት መከለያው እስከ ዛሬ ጎባጣ ነው።

መፍትሔው ሞተሩን በዝቅተኛው ማርሽ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ማውጣት፣ ሚዛኑ የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ተሳቢው ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር ተያይዞ፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ ይሁን። ካልተያያዘ መጎተቻው ወደ ሰማይ፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ነው። ዝናብ ያረሰው ኮምፔርሳቶ ላይ የኤቲቪ ጎማ ይሟልጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወለሉ ላይ በቁመት የተዘረጉት የፕላስቲክ ሐዲዶች ናቸው። የተሠሩት የስኪው ብረት ወለሉን እንዳይነክሰው፣ ስኪውን ለማንሸራተት ነው። ማንሸራተት ደግሞ ይችሉበታል፤ እርጥብ ጎማ ካገኛቸው ሳሙና ማለት ናቸው። ሰው ወይ ይነቅላቸዋል፣ ወይ ጎማው በመካከላቸው እንዲሄድ መስመሩን ይጠብቃል።

ማሰሩ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። ስኖሞቢል የሚታሰረው በአንድ አግዳሚ ብረት ነው። ብረቱ በሁለቱ ስኪዎች ላይ ይጋደምና በመሐሉ ባለው እጀታ እየተዞረ ወደ ወለሉ ይጠብቃል። ኋላው በአንድ ቀበቶ ይያዛል። ለኤቲቪ ይህ ብረት ምንም አይሠራም፤ ፈትቶ ጋራዥ ውስጥ መስቀል ነው። በምትኩ አራት ባለ ጥርስ መጥበቂያ ቀበቶዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት በፊት፣ ሁለት በኋላ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ውጭና ወደ ታች የሚስቡ። የሚታሰሩት ከሞተሩ ሻንሲ ነው እንጂ ከዕቃ መጫኛው ፍርግርግ አይደለም፤ ያ ቱቦ ድንኳንና ማቀዝቀዣ ሣጥን ለመያዝ የተበየደ ነው። በታች በኩል ደግሞ ቀለበቶቹ ከተሳቢው ብረት ጋር መያያዝ አለባቸው። ኮምፔርሳቶ ላይ ብቻ በብሎን የተያዘ ቀለበት አንድ ጥሩ ጉድጓድ እስኪያገኝ ነው።

የሚያታልለው ነገር አለ። ቀበቶው ቤት ደጅ ላይ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይታያል። መንገድ ላይ ግን የኤቲቪው ሞላ በየጉድጓዱ ይጨመቃል፤ በተጨመቀ ቁጥር ቀበቶው ለቅጽበት ይላላል፤ ሲላላ መንጠቆው ይወልቃል። ስለዚህ ሲታሰር ሞላውን በከፊል ወደ ታች ስቦ ማስቀረት፣ ወይም ቀበቶውን ከሞላው በታች፣ ከጎማው አጠገብ መያዝ ነው። አንድ የማውቀው ሐበሻ የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ሲያይ ሳቀ። በአሜሪካ ሕግ የንግድ ጭነት ማሰሪያዎች ድምር የመያዝ አቅም ከጭነቱ ክብደት ከግማሽ ማነስ የለበትም፤ ሹፌሩም በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን ማየት አለበት። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ይሄ ሕግ ላንተ አልተጻፈም። ጉድጓዱ ግን ላንተም እኩል ነው።»

አሁን ወደ ክብደት። በተሳቢው መጎተቻ ላይ የተለጠፈች ላሜራ አለች፤ ከራሱ ከተሳቢው ጋር ጠቅላላ ስንት መሸከም እንዳለበት የምትናገር። 2,200 ፓውንድ፣ ማለት 1,000 ኪሎ ገደማ የሚል ባለ አንድ አክስል ተሳቢ እንውሰድ። ራሱ አልሙኒየም ሆኖ 230 ኪሎ ቢመዝን ለጭነት 770 ይቀራል። ሁለት ስኖሞቢል 500 ኪሎ ገደማ ስለሆኑ ሰፊ ትርፍ አለ። ሁለት መካከለኛ ኤቲቪ ግን እያንዳንዳቸው 340 ቢመዝኑ 680 ይሞላሉ። ካታሎጉ የሚጽፈው ክብደት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነዳጅና ዘይት የሌለበት ደረቅ ክብደት ነው። ቤንዚኑ፣ የፊት መጎተቻው ዊንች፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ ውኃው ሲጨመር የቀረችው 90 ኪሎ ትተናለች። ፍሬንም አይታሰብ፤ ሚኒሶታ ተሳቢ ፍሬን እንዲኖረው የምታስገድደው ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድ ሲደርስ ስለሆነ፣ እነዚህ ትንንሾቹ አብዛኞቹ ያለ ፍሬን ናቸው። የሚያቆማቸው መኪናው ብቻ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነዷቸው፣ መሪና ጣሪያ ያላቸው ትልልቆቹ ሞተሮች ከዚህ ሒሳብ ውጭ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ከ500 ኪሎ ተነሥቶ እስከ 800 ይሄዳል። እሱን እዚህ ላይ ማውጣት በእኔ አስተያየት ድፍረት አይባልም፣ ሌላ ስም አለው።

አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን ነገር ሳይነገረው ይገባዋል። ጭነት መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የት እንደተቀመጠ ነው። ወደ ኋላ ያጋደለ ጭነት አህያይቱን ዳገት ላይ ፊቷን ያስነሣታል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ፣ የመኪናው የብረት ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ዓሣ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በመሪ ማረም ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። የስኖሞቢሉ ቦታ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ አግዳሚው ብረት ያለበት ነው ስኪው የሚቆመው፣ ፋብሪካው አስቦበታል። ባለ ሦስት ሜትር ወለል ላይ ሁለት ሜትር የሚሆነው ኤቲቪ ግን እስከ አንድ ሜትር ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። የት ይቁም የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። አንድ ጊዜ በመታጠቢያ ቤት ሚዛን መጎተቻውን መዝኖ፣ ትክክለኛውን ቦታ ሲያገኝ በወለሉ ላይ በቀለም መስመር ማስመር ከብዙ ግምት ያድናል። የኳሱም ነገር እንዳይረሳ፤ የመያዣው መጠን ላዩ ላይ ተቀርጿል። በሁለት ኢንች መያዣ ውስጥ በስምንተኛ ኢንች ያነሰ ኳስ ቢገባ የተቆለፈ ይመስላል፤ አልተቆለፈም።

እና ጎማዎቹ። ከወለሉ ሥር እንዲገቡ ትንንሽ ተደርገዋል ብለናል። ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባው ቀጭን ጎማ ሙሉ ቁመቱ 16 ኢንች ገደማ ነው፤ አንዴ ሲዞር 1.3 ሜትር እንኳ አይሄድም። ከሚኒያፖሊስ ጊልበርት በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የድሮ የብረት ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ወደተሠራው የኤቲቪ መናፈሻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎታቹ መኪና እዚያ ለመድረስ ጎማውን 145,000 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ ተሳቢው 230,000 ጊዜ ይዞራል። በበረዶው ወቅት ይህ የሚሆነው በቀዝቃዛ አስፋልት ላይ፣ በቀላል ጭነት ነው። በሐምሌ ግን አስፋልቱ ይፈላል፣ ጭነቱ ጨምሯል፤ ኩሽኔታው ደግሞ ካለፈው ብርድ የተረፈ የመንገድ ጨው ጠጥቶ ከመጋቢት ወዲህ ተኝቷል። ግራሶው ወደ ዝገት ዱቄት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የመብራቱ ገመድም ከዚያው ጨው ድርሻውን ወስዷል፤ ፍሬቻው በግራ በርቶ በቀኝ ቢያንቀላፋ አይገርምም።

ስለዚህ መጀመሪያ በምትቆምበት ማደያ፣ ቀበቶዎቹን ካየህ በኋላ፣ ጎንበስ ብለህ መዳፍህን ወደ ጎማው እምብርት አስጠጋ። ሞቅ ያለ ነገር ከተሰማህ ደህና ነው። እጅህን ገና ሳታሳርፍ የሚያስነሣህ ከሆነ ግን ቡናህን ግዛና ቁጭ በል፤ ዛሬ ጊልበርት አትደርስም።