የመውለጃ ቀን ሲያልፍ

«ዘጠኝ ወሯ አለፈ፤ ምጡ ግን አልመጣም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጎረቤት አንዷ ተልባ፣ ሌላዋ የጉሎ ዘይት ጠጪ እያለች ትመክራለች። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቀኑ በእርግጥ ማለፉን ማወቅ ያስፈልጋል።

እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲሆን፣ በአማካይ 280 ቀን ይሆናል። ይህም በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ነው። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል። ስለዚህ መነሻው መስከረም 1 ከሆነ መውለጃው ሰኔ 11፣ ጥር 1 ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 6 ገደማ ነው። ጥቂት ቀን መቅደም ወይም መዘግየት የተለመደ ነው።

ምጥ እንዴት ይጀምራል? በመጀመሪያ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች የማሕፀንን በር ያለሰልሳሉ። ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱይታሪ ዕጢ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን ደግሞ ማሕፀን እንዲኮማተር ያደርጋል። የሕፃኑ ራስ በሩን ሲገፋ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይደርስና ኦክሲቶሲኑ ይጨምራል፤ ምጡም እየበረታ ይሄዳል። ይህን ሆርሞን ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ሠርቶ በ1955 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ሐኪምም የሚከተለው ይህንኑ የተፈጥሮ ቅደም ተከተል ነው። የማሕፀኑ በር ካልለሰለሰ በፕሮስታግላንዲን መድኃኒት ወይም በውሃ በሚሞላ ትንሽ ፊኛ እንዲለሰልስ ይደረጋል። ከዚያም የእንሽርት ውሃ እንዲፈስ ተደርጎ ኦክሲቶሲን በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት 41 ሳምንት ለሞላቸው እናቶች ምጥ እንዲጀመርላቸው ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በማሕፀን ውስጥ የመሞቱ አደጋ እየጨመረ ይሄዳልና።

የጉሎ ዘይት ሆድ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል፣ የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል። ተልባም ጥሩ ምግብ ቢሆን ምጥ ለማስጀመሩ በቂ ማስረጃ የለም። ከሁሉ የከፋው ግን የምጥ መርፌን በቤት ውስጥ መወጋት ነው። ማሕፀን ያለ ዕረፍት ከተኮማተረ ሕፃኑ ኦክሲጅን ያጣል፤ በተለይ ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ማሕፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሰጠው የሕፃኑ የልብ ምት በሚታይበትና ኦፕራሲዮን በቅርብ በሚገኝበት ሥፍራ ነው።

የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀን መቁጠሩ ቀርቶ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

መምህራን ሆይ፣ የቀኑን ስሌት በክፍል ውስጥ እናለማምድ። ዛሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማረው ልጅ ነገ ለእኅቱ ይቆጥርላታል።