የአዝማሪ ቤት ከሠፈሩ ሲነሣ

አዲስ አበባ፦ በ2017 ዓ.ም በካዛንችስ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ከፈረሱት ቤቶች መካከል ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ይገኝበታል። ተወዛዋዥ መላኩ በላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያስተዳደረው ይህ አነስተኛ ቤት የኢትዮ ከለር ቡድን መድረክም ነበር።

በአዝማሪ ቤት አስቀድሞ የሚወጣ የዘፈን ዝርዝር እምብዛም የለም። አዝማሪው ባለአንድ ክር ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ የታዳሚውን ሁኔታ እያየ ግጥም ይደረድራል፤ ታዳሚውም ስንኝ ያቀብለዋል፣ ይሸልመዋልም። ኑሮው በአመዛኙ በዚሁ ሽልማት ላይ የተመሠረተ ነው።

በመሆኑም ተለዋጭ ቦታ የሚያዘጋጁ የሥራ ኃላፊዎች ከካሬ ሜትሩ በተጨማሪ የክፍሉን ጥበትና የሠፈሩን ደንበኛ ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል። ጥበቱ፣ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ለሙያው አስፈላጊ ነው። በሰፊ አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያቀብለው ስንኝ ከአዝማሪው ጆሮ አይደርስም።