እርሳስና ጆሯችን

«እርሳስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ተማሪ ሁሉ የሚይዘው መጻፊያ ነው፤ በውስጡ ያለው ጥቁር ዘንግ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት በመሆኑ የእርሳስ መርዝ የለበትም። ሁለተኛው በመኪና ባትሪና በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ከባድ ብረት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ብረት በመስማት ችሎታ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው።

በቅድሚያ እንዴት እንደምንሰማ እናስታውስ። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ሲያርገበግብ ንዝረቱ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሻገራል። በዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፣ በፈሳሽ የተሞላ ኮክሊያ የተባለ አካል ይገኛል። በውስጡ ያሉት 15,000 ገደማ ፀጉራም ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጣሉ፤ መልእክቱም በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ልጅ ዘንድ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

እርሳስ ይህን ሥርዓት የሚያውከው እንዴት ነው? ፀጉራም ሕዋሳት መልእክታቸውን ለነርቭ የሚያቀብሉት በካልሲየም አማካይነት ነው። የእርሳስ አዮን ከካልሲየም አዮን ጋር ስለሚመሳሰል መግቢያውን ይዘጋል፣ ቦታውንም ይሻማል። ከዚህም በላይ ሕዋሳትን የሚያቆስሉ የኦክስጅን ውሁዶች እንዲበራከቱ ያደርጋል። ጉዳቱ በጆሮ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ መልእክቱ በነርቩና በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞም ሊያዘገይ ይችላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1991 የታተሙ ሁለት ጥናቶች የሺዎችን ሕፃናትና ወጣቶች መረጃ መርምረዋል። በሁለተኛው ጥናት መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ6 ወደ 18 ማይክሮግራም ሲያድግ የመስማት ችሎታ በ2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሁሉም ጥናቶች ግን አይስማሙም፤ በኢኳዶር ሸክላ በእርሳስ በሚለበጥባቸው መንደሮች ብዙ እርሳስ በደማቸው የተገኘባቸው ሕፃናት በአብዛኛው ደኅና ይሰሙ ነበር።

ሁለት ዴሲቤል ለአንድ ሰው እምብዛም አይታወቅም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የመስማት ድክመት ላለበት ልጅ፣ በተጨናነቀ ክፍል ኋላ ለተቀመጠ፣ የመምህሩን ቃል በመስማትና ባለመስማት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። እርሳስ ትኩረትንም ስለሚጎዳ እንዲህ ያለው ልጅ «አይከታተልም» እየተባለ ይወቀሳል እንጂ ጆሮው አይመረመርም።

እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመኪና መሸጡ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ቢያበቃም አደጋው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በጅማ የጋራዥ ሠራተኞች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሌሎች ሰዎች የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ጋራዥ ጫጫታ የሚበዛበት ሥፍራ በመሆኑም የሠራተኛው ጆሮ ሲደክም ጥፋቱ ሁሉ በመዶሻው ላይ ይወድቃል፤ እርሳሱ ግን ሳይጠረጠር ይቀራል።

በአጥንት የተከማቸ እርሳስ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒት በደም ያለውን መጠን ቢቀንስም የሞተውን ሕዋስ አይመልስም። ስለሆነም ዋናው መፍትሔ አስቀድሞ መከላከል ነው፦ ከምግብ በፊት እጅን መታጠብ፣ የሥራ ልብስን ወደ ቤት አለመውሰድ፣ ባትሪ ከሚፈታበትና ከሚቀልጥበት ሥፍራ ሕፃናትን ማራቅ። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎችም የደምና የመስማት ምርመራን አጣምረው ቢያደርጉ ጉዳቱ ሳይባባስ ሊደረስበት ይችላል እንላለን።