ቁመት ኤንቢኤ ያስገባል፤ ያቆያል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2009 የኤንቢኤ ድራፍት ሜምፊስ ግሪዝሊስ በሁለተኛ ምርጫው ታንዛኒያዊውን ሀሺም ታቢትን ወሰደ። የዳሬሰላም ልጅ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሴንቲ ሜትር። በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቱ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከአራት በላይ ብሎክ ያደርግ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የተጠራው ጄምስ ሃርደን ነው። ሰባተኛው ደግሞ ስቴፈን ከሪ!

ታቢት የመጀመሪያ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ። ከአምስት የውድድር ዓመታት በኋላም ኤንቢኤን ተሰናበተ።

ምን ተፈጠረ? ልጁ አላጠረም እኮ! ቁመቱ ያው ነው። የተለወጠው ሜዳው ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አንድ ረጅም ተከላካይ ቅርጫቱ ሥር እንደ አጥር ቆሞ መዋል ይችላል። ኤንቢኤ ላይ ግን እንዲህ የለም። የሚይዘው ሰው አጠገቡ ከሌለ ቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት ያስቀጣል። ክልሉ ራሱም ይሰፋል፤ በኮሌጅ ወርዱ 3.66 ሜትር ሲሆን በኤንቢኤ 4.88 ሜትር ነው። የሦስት ነጥብ መስመሩ ደግሞ ከ6.75 ሜትር ወደ 7.24 ሜትር ይርቃል። ባጭሩ፣ ኮሌጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ኤንቢኤ ላይ መሮጥ አለበት።

ታዲያ አንድን የኮሌጅ ረጅም ተጫዋች ስናይ ምን እንመልከት?

በማን ላይ ነው ያስቆጠረው? ኮሌጅ ላይ ብዙዎቹ ተጋጣሚዎች ፕሮፌሽናል አይሆኑም። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ ያታልላል፤ ከራሱ እኩዮች ጋር የተጋጠመባቸውን ጨዋታዎች ለይቶ ማየት ይሻላል። በዚያው በ2009 የፒትስበርጉ ዴዋን ብሌር ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ በታቢት ቡድን ላይ 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ ሰብስቧል። የሁለቱ ቡድኖች ሊግ ኮከብነትንም ሁለቱ ተካፍለውታል። ክለቦች ግን የብሌር ጉልበት አስፈርቷቸው እስከ 37ኛ ድረስ አወረዱት። ሳን አንቶኒዮ ወሰደው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ።

እግሩስ? የዛሬው ኤንቢኤ ዋና ፈተና ፒክ ኤንድ ሮል ነው። ፈጣን ጋርድ ኳስ ይዞ ሲመጣ ረጅሙ ልጅ ሜዳው መሀል ወጥቶ ሊያስቆመው፣ ከዚያ ተመልሶ ቅርጫቱን ሊጠብቅ ይገባል። ባም አዴባዮ ከኬንታኪ ወጥቶ በ2017 የተመረጠው 14ኛ ሆኖ ነው። ለሴንተር ረጅም የሚባል አይደለም። ግን ከጋርድም ከሴንተርም ጋር እኩል መንቀሳቀስ ስለሚችል የማያሚ ምሰሶ ሆነ፤ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋርም ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቋል።

እጁስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቁጥር አለ፦ ነጻ ውርወራ። ማንም አይከላከልህም፣ ርቀቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ የእጅን ለስላሳነት በደንብ ያሳያል። ካርል አንተኒ ታውንስ ኬንታኪ እያለ ዓመቱን ሙሉ ባለሦስት ነጥብ የሞከረው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። ነጻ ውርወራው ግን 81 በመቶ ነበር። በ2015 አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2022 የኤንቢኤን የሦስት ነጥብ ውርወራ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ድራፍት ሦስተኛ የተመረጠው የዱኩ ጃሊል ኦካፎር በአንጻሩ ነጻ ውርወራው ግማሽ በግማሽ ነበር። ቅርጫት ሥር ድንቅ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱም በጨዋታ ከ17 ነጥብ በላይ አስቆጥሯል። ከሩቅ መወርወርና መከላከል ግን አልሆነለትም። በ2017 ፊላዴልፊያ ለብሩክሊን አሳልፎ ሰጠው።

ሰውነቱስ ይችላል? ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። በ2007 ፖርትላንድ ኬቨን ዱራንትን ትቶ ግሬግ ኦደንን መረጠ። ጉልበቱ አልቻለም፤ ኦደን በሕይወቱ የተጫወተው የኤንቢኤ መደበኛ ጨዋታ 105 ብቻ ነው። በሌላ በኩል ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ በ2014 ከድራፍቱ ቀናት ቀደም ብሎ እግሩን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመት ሳይሰለፍ ቀርቶ፣ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የሐኪም ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም ማለት ነው።

"እሺ፣ እግር እግር ትላለህ፤ ዛክ ኢዲስ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የፐርዱው ኢዲ 2 ሜትር ከ24 ነው፣ ፈጣን አይደለም፣ "ዘመኑ ያለፈበት ሴንተር" ያሉትም ብዙ ነበሩ። ሜምፊስ በ2024 ዘጠነኛ አድርጎ ወሰደውና በመጀመሪያ ዓመቱ ከምርጥ አምስት አዲስ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኢዲ በአራት የኮሌጅ ዓመታት ውስጥ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄዷል። የዛሬውን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የዕድገቱን ፍጥነትም ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ለአገሩ ተሰለፈ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ዱክ ተጫወተ፣ በ2025 ድራፍት አሥረኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ፊኒክስ ደረሰ። ምርጫው ዱራንት ወደ ሂውስተን በሄደበት ዝውውር የመጣ ነው።

ማሉዋችን እንዴት እንመዝነው? ሚያዝያ 2025 ላይ ዱክ በግማሽ ፍጻሜ በሂውስተን ሲሸነፍ ከ20 ደቂቃ በላይ ተጫውቶ አንድም ሪባውንድ አላገኘም። ቡድኑን ከሚያህሉ ጉልበተኞች ጋር መታገል ገና ይቀረዋል። ነጻ ውርወራው ግን ከ75 በመቶ በላይ ነው፤ እጁ ተስፋ አለው። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ መርጦ "ኮከብ ነው" ወይም "አይረባም" ማለት ሚዛን አይደለም።

ይሄ ነገር የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክለብ ሲሳሳት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ይመርጣል። ልጁ ግን "የከሸፈው ሁለተኛ ምርጫ" የሚለውን ስም ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። ታቢት ራሱን ሁለተኛ አላደረገም፤ ሌሎች ናቸው ቁመቱን አይተው እዚያ ያስቀመጡት።

ስለዚህ ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ የአንድ ረጅም ልጅ የደንክ ቪዲዮ ሲመጣ፣ ደንኩን እለፉት። ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ሰከንዶች ተመልከቱ። የት ቆሞ ነበር? ማንን አስቆመ? ኳሱን እንዴት ያዘ? መልሱ ያለው እዚያ ነው።