መጽሐፉ የወጣበት ሌሊት

ደባርቅ በሰላሙ ጊዜ የውጭ አገር መንገደኛ የማይታጣባት ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚያ ስለ ሆነ፣ ወደ ተራራው የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ መንገድ መሪና ጠባቂ ይመደብለታል፤ በቅሎ ይከራያል፤ ከዚያ በኋላ ዐቀበቱን ይያያዘዋል። ይህ ሰው ስንት ባሕርና ስንት አገር አቋርጦ የመጣበትን ምክንያት ብትጠይቁት መልሱ አያስቸግረውም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። ዋልያን በተፈጥሮ ቦታው ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሰሜን ከመምጣት ሌላ አማራጭ የለውም።

አሁን ደግሞ አንድ ሌላ መንገደኛ እናስብ። ይህኛው አገሩን ለቅቆ፣ ለአውሮፕላን ከፍሎ፣ በሰው አገር ጎዳና ላይ በዝናብ ቆሞ የሚያመሸው መጽሐፍ ለመግዛት ነው። መጽሐፍ ደግሞ እንደ ዋልያ አይደለም። በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ይታተማል፤ በፖስታ ይላካል፤ ጥቂት ቢታገሡት በየሰው መኖሪያ ከተማ በሚገኝ መደብር ይሸጣል። ታዲያ ይህን ሰው ከቤቱ ምን አስነሣው? የዚህ ምንባብ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማብራራት ነው። «ሞኝነት ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መልስ ጥያቄውን ይዘጋዋል እንጂ አያብራራውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ሀሪ ፖተር ስለሚባል ልጅ በሰባት መጻሕፍት የተከፈለ ረጅም ልብ ወለድ ጽፋለች። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1989 ዓ.ም. ሲወጣ በጠንካራ ልባስ የታተመው 500 ያህል ቅጂ ብቻ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. የመጨረሻው መጽሐፍ ሲወጣ ግን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ብቻ በአሜሪካ 8.3 ሚሊዮን፣ በብሪታንያ ደግሞ 2.65 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በዚያ ሰሞን እንግሊዝ አገርን ከባድ ዝናብና ጎርፍ መትቷት ነበር። ሆኖም በለንደን፣ ፒካዲሊ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው ትልቅ የመጻሕፍት መደብር ደጃፍ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ አመሸ። ከሌሎች አገሮች ተጉዘው የመጡ አንባቢዎችም ከሽያጩ ቀን አስቀድመው ቦታ ይዘው ነበር። ብዙዎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ለመምሰል ጥቁር ካባ ደርበው፣ ክብ መነጽር አድርገው ነበር። ደራሲዋ ራስዋ በዚያችው ከተማ፣ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ፣ በዕጣ ለተመረጡ አንባቢዎች ልክ በእኩለ ሌሊት የመጽሐፉን መጀመሪያ አነበበች፤ ከዚያም እየፈረመች ሌሊቱን ዘለቀችው።

ለምን በእኩለ ሌሊት? በአውሮፓውያን አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። አሳታሚው «መጽሐፉ በዚህ ቀን ይሸጣል» ብሎ ከወሰነ፣ ከቀኑ ደቂቃዎች ሁሉ የመጀመሪያዪቱ ከእኩለ ሌሊት ቀጥላ የምትመጣው ደቂቃ ናት። ከዚያች ደቂቃ በፊት አንድ ቅጂ እንኳ እንዳይሸጥ ባለ መደብሮች በውል ይገደዱ ነበር፤ መጻሕፍቱም የሚጓጓዙት በታሸገ ሣጥን ነበር። የታሪኩ ፍጻሜ አስቀድሞ ከተሰማ የአንባቢው ጉጉት እንደሚበላሽ ስለ ታወቀ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1999 ዓ.ም. የመጨረሻው መጽሐፍ ገጾች ከሽያጩ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ተሠራጭተዋል።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለ ሆነ የእነርሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ 6 ሰዓት ነው። ለንደን ደግሞ በሐምሌ ወር ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ የለንደን መደብሮች በሮቻቸውን ሲከፍቱ ደባርቅ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር። በሐምሌ ሌሊት ደባርቅ ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ ለዚያ አገር ልጆች መንገር አያስፈልግም።

የሽያጩ ሰዓት ግን ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት አልነበረም። ሦስተኛው መጽሐፍ በብሪታንያ የወጣው ሐምሌ 1 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ነበር። ይህ ሰዓት የተመረጠው ተማሪዎች መጽሐፉን ለመግዛት ሲሉ ከክፍል እንዳይቀሩ ታስቦ ነው። መምህር ለነበረ ሰው ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። እኔ በማስተምርበት ዘመን ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚቀርበትን ብዙ ዓይነት ምክንያት ሰምቻለሁ፤ «መጽሐፍ ፍለጋ ሄጄ ነው» ያለኝ ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ወደ እርሱ ነገር ኋላ እመለሳለሁ። እኩለ ሌሊት ልማድ የሆነው ከአራተኛው መጽሐፍ፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ወደ መንገደኛው እንመለስ። ለጉዞው አንዱ ምክንያት ራሱ ሰዓቱ ነበር። በአሜሪካ መጽሐፉ የሚሸጠው በየአካባቢው እኩለ ሌሊት ስለ ነበረ፣ የኒው ዮርክ አንባቢ ከለንደኑ አንባቢ 5 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ያገኘዋል። ፈጣን አንባቢ በ5 ሰዓት ውስጥ ብዙ ገጽ ይገፋል። ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። ትርጉሙ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ስለ ነበረ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ወጣቶች ዋናውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዘው ያነቡት ጀመር። በ1995 ዓ.ም. አምስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የእንግሊዝኛው ቅጂ በፈረንሳይ አገር ከተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ አንደኛ እስከ መሆን ደርሷል።

እነዚህ ምክንያቶች ግን ሰውን ለማንቀሳቀስ ብቻቸውን የሚበቁ አይመስለኝም። የትንሣኤን ሌሊት አስቡ። ጾሙን ቤቱ ተቀምጦ መፍታት የሚችል ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ጨለማ ለጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ ያችን ሰዓት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሊቀበላት ስለሚፈልግ ነው። ማንበብ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን በጋራ ይቻላል። ሰባቱን መጻሕፍት እየተከታተለ ዐሥር ዓመት ያደገ ልጅ፣ ልክ እንደ እርሱ የጠበቁ ሌሎች ሰዎች መኖራቸውን በዓይኑ የሚያየው በዚያች ሌሊት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ «መጽሐፍ ወጣ» እንላለን። ፀሐይ ትወጣለች፤ ወሬ ይወጣል፤ መንገደኛም ከቤቱ ይወጣል። አንዱ ግስ ለሁሉም ያገለግላል። የሚጠበቀው ነገርም፣ ሊጠብቅ የሚሄደው ሰውም «ወጣ» ይባላሉ።

በአገራችን መጽሐፍ በደቂቃ ተወስኖ የሚሸጥበት ልማድ የለም። መጽሐፍ ሲመረቅ ሰው ከቀትር በኋላ በአዳራሽ ይሰበሰባል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ይነበባል። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ታትሞ በአውቶቡስ ጎንደር ይደርሳል፤ ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ ሲደርስ ሳምንታት ወይም ወራት ያልፋሉ። ይህ ማለት ግን የሚጠብቅ አንባቢ የለም ማለት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሄድ ነበር። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ካሳተመ በኋላም ተከታዩን «ራማቶሓራ»ን በጉጉት የጠበቁት ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም።

አንባቢ የሚሽቀዳደመው ደስ ብሎት ብቻም አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ለገበያ በቀረበ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሽያጭ ታገደ። በሰው እጅ የገቡት ጥቂት ቅጂዎች በእጥፍ ድርብ ዋጋ ተሸጡ፤ በምስጢርም ተዘዋወሩ። ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ያን መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የገዛና ከሳምንት በኋላ እገዛዋለሁ ያለ ሰው ዕድላቸው የተለያየ ነበር።

መጽሐፍ ፍለጋ አገር ለቅቆ መሄድ ለሰሜን ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ በትውፊት ይነገራል፤ ግንቦት 11 ቀን በዓሉ ሲውል ሰው ከሩቅ ተጉዞ በማኅሌት ያድራል። የአብነት ተማሪም ከደባርቅና ከዳባት ገጠር ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጎንደር ወይም ድጓ ለመማር እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም ይዘልቃል፤ ቅዳሴ የሚሻው ደግሞ ሊማሊሞን ወርዶ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ደብረ ዓባይ ይሄዳል። ድጓ የሚማረው ልጅ መጽሐፉን የሚገዛበት መደብር ስላልነበረው ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ራሱ ይጽፈው ነበር። መጽሐፉ «የሚወጣው» እርሱ ጽፎ ሲጨርስ ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ልጅ ልመለስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጥራዙ ተበጣጥሷል። ተማሪዎቹ መጽሐፉን በስድስት ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል በነጭ ክር ሰፍተው በተራ ይቀባበሉት ነበር። አብዛኞቹ አምስተኛውን ክፍል ጨርሰው ስድስተኛውን ሲጠብቁ ስድስተኛው ታጣ። በክረምቱ መግቢያ ቤት አፍስሶበት በስብሶ ኖሮ፣ ይዞት የነበረው ልጅ ለመናገር አልደፈረም ነበር። እኔም «ርእሱ ፍጻሜውን ነግሯችሁ የለም ወይ?» ብዬ ቀለድሁባቸው። ማንም አልሳቀልኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የዳባት ገጠር ልጅ ሦስት ቀን ከክፍል ቀረ። በአራተኛው ቀን ሲመጣ ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ አዘዝሁት። ወዴት ሄዶ እንደ ነበር ስጠይቀው «መጽሐፍ ፍለጋ ጎንደር ሄጄ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። መቀለዱ መስሎኝ ተቆጣሁ። ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ ከጉያው አንድ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

ኋላ ከጓደኞቹ እንደ ሰማሁት፣ ሁለት ዶሮ ሸጦ በዚያን ጊዜ ጠጠር በነበረው መንገድ ወደ ጎንደር ወረደ። ከአክስቱ ቤት አረፈ። መጽሐፉ በመደብር ነበር፤ በያዘው ገንዘብ ግን የሚገዛ አልሆነም። ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ የከተማው ነዋሪ ስላልሆነ በውሰት አይሰጥህም፣ እዚሁ አንብብ ተባለ። ስለዚህ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቶ የጠፋውን ክፍል ይገለብጥ ጀመር። ሲመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከሃያ የማያንሱ የክፍል ጓደኞቹ በብርድ ቆመው ጠበቁት፤ ወደ ቤቱ ሳይለቅቁትም በሻይ ቤት ፋኖስ ሥር እስኪመሽ አስነበቡት።

ደብተሩን ገለጥሁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጽሕፈት የተስተካከለ ነው፤ ወደ መሐል ሲደርስ ፊደሎቹ ይቸኩላሉ። በአንድ ገጽ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ከመካከል ተቋርጦ፣ በኅዳጉ ላይ «እዚህ ላይ ቤቱ ተዘጋ» የሚል ቃል ተጽፏል፤ ከዚያ በታች በሌላ ቀለም፣ በማግስቱ፣ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። የሰረዝሁበትን የመቅረት ምልክት ከመዝገቡ ላይ ፋቅሁ። በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ የደብተሩን ልባስ አንሥተው ከአምስቱ ክፍሎች ጋር በነጭ ክር ሰፉት። በቀጣዮቹ ዓመታት የመጡት ልጆች የመጽሐፉን ፍጻሜ ያነበቡት በእርሱ እጅ ጽሕፈት ነው።