ቡና አያጠቁርም፤ ሊያገረጣ ግን ይችላል

ቡና ያጠቁራል ይባላል። ለልጆች ይባላል፤ ለልጃገረዶች ሲሆን ደግሞ ይበረታል። መቱም ይሁን ጎሬ፣ ያዮም ይሁን ሁሩሙ፣ ሲኒ ልታነሳ ስትል «ተዪው፣ ፊትሽ ይጠቁራል» የተባለች ልጅ ብዙ ናት። አባባሉን በኢሉባቦር መስማት ትንሽ ያስቃል። አገሩ ቡና በደን ጥላ ሥር ያለ ዘሪ የሚበቅልበት ነው፤ የያዮን የቡና ደን ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነበር። ቡና የሚያጠቁር ቢሆን ኖሮ ፊንላንዶች ከሁላችንም በጠቆሩ ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓለም ብዙ ቡና ከሚጠጡት ሕዝቦች ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸውና።

የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። መጠኑ ከወላጅ ይወረሳል፣ ፀሐይ ይጨምርበታል፣ ሆርሞንም እጁን ያስገባበታል። የቡናው ጥቁረት ምጣድ ላይ ሲቆላ የመጣ ስለሆነ ከሆድ ተነስቶ ወደ ጉንጭ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? በከፊል ልጆችን ከሲኒ ለማራቅ የተበጀ ማስፈራሪያ ይመስለኛል። ልጅን ከቡና ማራቁ ክፋት የለውም፤ ጥቁር ቆዳን እንደ ቅጣት መቁጠሩን ግን አልወደውም። ሌላው ምክንያት ማድያት ሳይሆን አይቀርም። በእርግዝና ጊዜ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ስትወስድ ጉንጯና ግንባሯ የሚጠቁርባት ሴት ብዙ ናት። ይህን የሚያመጡት ሆርሞንና ፀሐይ ናቸው፤ ሙቀትም ያባብሰዋል። ቡና የምታፈላው ሴት ደግሞ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከሰል ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እሳት ዳር መቀመጥ ያዘወተረ ሰው ቅልጥሙ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ሊያወጣ እንደሚችልም ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ስለዚህ የግድ የሚከሰስ ካለ ከሰሉ ይከሰስ፤ ሲኒው ምን በወጣው።

ይህን ብዬ ቡናን በነጻ አሰናብቼ ማለፍ ግን አልችልም። ባልሠራው ሲታማ የኖረው ቡና ማንም ያላነሳበት ሌላ ጥፋት አለበት። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ከሥጋ ምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን የብረት ማዕድን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ቡና ጉዳት አላደረሰም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ብረቱን አገደ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል።

እንግዲህ የእኛን ምሳ እናስበው። እንጀራ በሹሮ፣ ጎመን፣ ምናልባት ምስር። የዕፅዋት ብረት ከሥጋው ይልቅ ለመምጠጥ የሚያስቸግር ነው። ገበታው ሳይነሳ ጀበናው ይጣዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሰዓቱ በሙሉ በቡና ያልፋል፤ ያውም ብረቱ ወደ ደም ሊገባ በሚገባው ሰዓት። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። ደም ሲያንስ ቆዳ ይገረጣል፣ ወዙን ያጣል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ጥፍር ይሰባበራል፤ ሲብስም ጥፍሩ መሐሉ ይጎደጉዳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግርጣት ቶሎ ስለማይታይ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ ውስጡን፣ መዳፍንና የጥፍርን ሥር ማየት ይሻላል።

ነገሩ ተራ ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ 24 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ደግሞ 57 በመቶ ያህል የደም ማነስ አግኝቷል። ሁሉንም ቡና አመጣው ማለት አይደለም፤ ወባ አለ፣ የአንጀት ትላትል አለ፣ ተደራራቢ ወሊድ አለ። ለዚህም ነው ፊቷ የገረጣባት ሴት ቅባት ከመግዛቷ በፊት በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ደሟን ብትመረመር የሚሻለው። ኢሉባቦርን ቡና ተው የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልሞክረውም። ከምሳ በፊት ይጠጣ፣ ወይም ምግቡ በደንብ እስኪወርድ ይቆይ ነው የምለው። ከሹሮው ጋር አንድ ቃሪያ መግመጥ ወይም ሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅም ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲ የዕፅዋትን ብረት በቀላሉ እንዲመጠጥ ያደርገዋል።

ብጉር ሲነሳ ደግሞ ቅቤና ጮማ ይወገዛሉ። «ቅቤ አብዝተህ ነው» ይባላል ጎረምሳው። ብጉር በዋነኛነት የጉርምስና ሆርሞን ሥራ ነው። ሆርሞኑ የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ያነቃል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል። የተበላ ቅቤ ቀጥ ብሎ ፊት ላይ እንደማይወጣ ልብ ይሏል። ቅቤ ጥፋተኛ የሚሆነው ይልቅ በራስ በኩል ነው። ፀጉር የተቀባ ቅቤ ወይም ቅባት እየቀለጠ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ሲወርድ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ብጉር በ1970 እ.ኤ.አ. ፀጉራቸውን በቅባት በሚያሹ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ አይተው ጽፈውታል። ብጉሩ ግንባር ዳር ዳሩን ብቻ ከሆነ የሚጠየቀው የፀጉር ቅባቱ ነው።

ከምግብ ወገን ጥርጣሬው የሚያርፈው ማንም በማይጠረጥረው ላይ ነው፤ በስኳር። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ብጉር ያለባቸው 43 ወጣት ወንዶችን ተመራማሪዎች ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋቸው ነበር። ስኳርን በደም ውስጥ ቶሎ የማይሰቅል ምግብ የበሉት ከሌሎቹ የበለጠ ብጉራቸው ቀነሰ። ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ኢንሱሊንን ሽቅብ ይሰዳሉ፤ ኢንሱሊን ደግሞ የቅባት ዕጢዎችን ይቀሰቅሳል። የላም ወተትም ከብጉር ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በጾም ወራት ፊቴ ይጠራል የሚሉ ሰዎች ምናልባት ከዚህ የተነሳ እውነት ይኖራቸው ይሆናል፤ ወተቱን በሦስት ብርጭቆ ስኳራም ሻይ ካልተኩት።

የምች ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ምግብ ስትሠራ የቆየች ሴት እጇን ሳትታጠብ ወይም በልታ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከወጣች ምች ይመታታል፤ ከንፈሯ ይቆስላል ይባላል። መድኃኒቱም ዳማ ከሴ ነው ይላሉ። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚፈነዳው ቁስል ግን የሄርፐስ ቫይረስ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቫይረሱ እንዳለበት ያሳያል፤ አብዛኛው በልጅነት በምራቅ ያገኘው ነው። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ትኩሳት፣ ድካም ወይም ፀሐይ ሲቀሰቅሰው ይወጣል። ስለዚህ እናቶቻችን ስለ ፀሐይዋ ልክ ነበሩ። የተሳሳቱት ሹሮውን አብረው በመክሰሳቸው ነው።

ውሃ በብዛት መጠጣት ፊት ያጠራል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ ለጠማው ሰው ውሃ ግድ ነው፤ ያልጠማው ሰው ሊትር ላይ ሊትር ቢጨምር ፊቱ ላይ የሚጨምር ነገር የለም። ደም ያጠራል ተብሎ የሚጠጣው የሬትና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም እንዲሁ፤ ደም የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። አቦካዶ ግን ቆም ያሰኛል። በኢሉባቦር ጓሮዎች በሽ በሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፊት ላይ ይቀባል። ቢቀባ ቆዳን ለጊዜው ያለሰልሳል። ቢበላ ግን በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለውን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን ስቡ ይዞ ያስገባል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰላጣ ላይ 150 ግራም አቦካዶ ሲጨመር የቤታ ካሮቲኑ መመጠጥ 15 እጥፍ እንዳደገ አሳይቷል። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ቆዳ ይደርቃል፣ ክንድና ጭን ይሻክራል። ጎመኑ በደረቁ ከሚበላ አቦካዶው ከፊት ወደ ሳህን ቢወርድ ይሻላል።

እስካሁን ያለው በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ነው። የሚከተለው አይደለም። ኢሉባቦር በቆሎ የሚበላ፣ ጎደሬም የሚቀቅል አገር ነው። ሁለቱም ሆድ ይሞላሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ቆዳን አይጠግኑም። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነት ብዙውን አያገኘውም። በቆሎ ብቻ የሚበላ ሰው ፔላግራ ሊይዘው ይችላል፦ ፀሐይ የሚያገኘው የእጅ ጀርባ፣ አንገትና እግር የተቃጠለ መስሎ ይጠቁራል፣ ይሻክራል፣ ይላጣል። ማላዊ የተጠለሉ የሞዛምቢክ ስደተኞች ከራሽናቸው ለውዝ ሲቋረጥ በ1990 እ.ኤ.አ. 18 ሺህ ገደማ የሚሆኑት በዚህ ታመዋል። ሹሮ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ አልፎ አልፎም ሥጋ ያለበት ገበታ ይህን ይከላከላል፤ የበቆሎ ንፍሮ ከባቄላ ጋር መቀቀሉም ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው።

ከሁሉ የከፋው ተረት «ፊቱ ሞላ፣ ቆዳው አበራ» የሚለው ነው። ጡት ጥሎ በጎደሬና በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ጉንጩ ሊያብጥ፣ እግሩ ሊወፍርና ቆዳው ተወጥሮ ሊያብረቀርቅ ይችላል። ጎረቤት ያመሰግናል፤ እናት ትደሰታለች። ይህ ግን ክዋሺዮርኮር የሚባለው የምግብ እጥረት በሽታ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዛሬ ጋና በምንላት አገር ገልጸው የጻፉለት ነው። ውፍረቱ ውሃ ነው። እየቆየ ቆዳው እንደተሰነጠቀ ቀለም ይላጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቀላ ይላል፤ ልጁ ነጭናጫ ይሆናል፣ መብላት ይጠላል። የፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው የሚለው የቆየ ማብራሪያ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ አደገኛነቱ ግን አያከራክርም። መለያው ቀላል ነው። በአውራ ጣት የሁለቱንም እግሮች የላይ ጀርባ ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ። የተጫኑበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ሕክምናው በልክ የተዘጋጀ ምግብና መድኃኒት ስለሆነ ቤት ውስጥ እንቁላልና ወተት በማግበስበስ የሚካካስ አይደለም።